ጠጣር ነው ወይስ ፈሳሽ? ስለሚያረጁ ቁሶች

ተማሪዎች የሳይንስ ትምህርት ከጀመሩበት ጊዜ አንሥቶ ቁስ አካል በሦስት ሁኔታዎች እንደሚገኝ ይማራሉ፤ እነዚህም ጠጣር፣ ፈሳሽና ጋዝ ናቸው። ክፍፍሉ ለመነሻ ያህል ይጠቅማል። ሆኖም አንድ ጠያቂ ተማሪ እጁን አንሥቶ «የጥርስ ሳሙናስ ከየትኛው ይመደባል?» ቢል መምህሩ ጥቂት ማሰብ ይኖርበታል። የጥርስ ሳሙና በብሩሹ ላይ ሲያርፍ ቅርጹን ይዞ ይቆማል፤ ይህ የጠጣር ጠባይ ነው። ቱቦው ሲጨመቅ ግን ይወጣል፣ ይፈስሳል፤ ይህ ደግሞ የፈሳሽ ጠባይ ነው። ለግድግዳ ምርጊት የሚቦካ ጭቃም፣ የቤት ቀለምም፣ ማዮኔዝም እንደዚሁ ናቸው።

ጉዳዩ የስም አሰጣጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላወያየ ነበር። ከነዚህ ቁሶች ብዙዎቹ አንድ ሌላ አስገራሚ ጠባይ አላቸው፤ ማንም ምንም ሳይጨምርባቸውና ሳይቀንስባቸው፣ ሳይደርቁና ሳይበላሹ፣ በጊዜ ብዛት ብቻ ይለወጣሉ። ጧት የተለካው ጥንካሬያቸው ማታ ሲለካ ሌላ ሆኖ ይገኛል። የፊዚክስ ሊቃውንት ይህን ለውጥ ያለ ምንም ማሽሞንሞን «እርጅና» ብለውታል። በዚህ ጽሑፍ እርጅናው ከምን እንደሚመጣ፣ ከተራ የመስኮት መስተዋት ጋርም ምን እንደሚያገናኘው እንመለከታለን። የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመስኮት መስተዋት ይፈስሳልን?

ብዙ መምህራን ከመጻሕፍት ያነበቡት ወይም በቃል የሰሙት አንድ ታሪክ አለ። ይኸውም በአውሮፓ ጥንታውያን ካቴድራሎች የመስኮቶቹ መስተዋት ከላይ ሳስቶ ከታች ወፍሮ ይገኛል፤ ስለዚህ መስተዋት እጅግ በዝግታ የሚፈስ ፈሳሽ ነው የሚለው ነው። ታሪኩ ያምራል፤ እውነት ግን አይደለም። በዚያን ዘመን የመስተዋት ገበታ የሚሠራው የጋለውን ቅላጭ በመንፋትና በማሽከርከር ስለ ነበር ውፍረቱ ከመጀመሪያውም አንድ ዓይነት አልነበረም። ገጣሚው ወፍራሙን ጫፍ ወደ ታች አድርጎ ቢተክለው ደግሞ የሚያስደንቅ አይሆንም። በ1998 ብራዚላዊው ተመራማሪ ኤድጋር ዛኖቶ መስተዋት በክፍል ሙቀት ለዓይን በሚታይ መጠን ለመፍሰስ የሚፈጅበትን ጊዜ አስልቶ ከዩኒቨርስ ዕድሜ እጅግ እንደሚበልጥ አሳየ። ከ20 ዓመት ገደማ በኋላም በለንደኑ ዌስትሚንስተር አቤይ የሚገኘውን የመካከለኛው ዘመን መስተዋት ቅንብር መሠረት አድርጎ የተደረገ ሌላ ጥናት፣ በአንድ ቢሊዮን ዓመት ውስጥ የሚፈሰው ከአንድ ናኖሜትር፣ ማለትም ከሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ፣ እንደማይበልጥ አረጋግጧል። ስለዚህ ይህን ታሪክ በክፍል ውስጥ ማስተማሩ ቢቀር ይሻላል።

ታዲያ መስተዋት ምንድን ነው? ውሃ ሲቀዘቅዝ 0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሞለኪዩሎቹ በሥርዓት ተደርድረው በረዶ ይሆናሉ። የቀለጠ መስተዋት ግን ሲቀዘቅዝ እንዲህ አያደርግም። እየወፈረ፣ እየወፈረ ይሄድና አቶሞቹ ሥርዓት ያለውን ቦታቸውን ሳያገኙ ባሉበት ይያዛሉ። ለተራ የመስኮት መስተዋት ይህ የሚሆነው 550 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። በዚያ ላይ የቅላጩ ዝልግልግነት ከውሃ ዝልግልግነት 1,000,000,000,000,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። አቀማመጡ እንደ ፈሳሽ የተዘበራረቀ፣ ጠባዩ ግን እንደ ጠጣር የጸና ቁስ ተገኘ ማለት ነው። ይህ ለውጥ «የመስተዋት ሽግግር» ይባላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በረዶ የሚቀልጥበት የሙቀት መጠን የታወቀና የማይናወጥ ነው። የመስተዋት ሽግግር ግን ቅላጩ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ወደ ዝቅተኛ የሙቀት መጠን ይወርዳል፤ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ ከፍ ይላል። ቁሱ መልሱን የሚሰጠው ሙቀቱን ብቻ አይቶ ሳይሆን የተሰጠውን ጊዜም አይቶ ነው። በሃይፋ ያስተምር የነበረው ማርከስ ራይነር በ1964 ይህን ሐሳብ በቁጥር ሲገልጸው፣ ነቢይቱ ዲቦራ በመጽሐፈ መሳፍንት ባለው መዝሙሯ ስለ ተራሮች ከተናገረችው ተነሥቶ «የዲቦራ ቁጥር» ብሎ ሰየመው። ቁጥሩ የሚገኘው ቁሱ ራሱን ለማስተካከል የሚፈልገው ጊዜ እኛ ለተመለከትንበት ጊዜ ሲካፈል ነው። ውጤቱ ትልቅ ከሆነ ቁሱ ጠጣር መስሎ ይታየናል፤ ትንሽ ከሆነ ፈሳሽ ነው። የጥርስ ሳሙናውን ጥያቄ ላነሣው ተማሪ ከዚህ የተሻለ የመልስ መነሻ አይገኝም።

ትልልቅ «አቶሞች»

በመስተዋት ውስጥ የሚሆነውን በዓይን ለማየት አስቸጋሪ ነው። አቶሞቹ እጅግ ያነሱ ናቸው፤ በተጨማሪም አንድ ጊዜ ለመርገብገብ የሚወስድባቸው ከሴኮንድ አንድ ትሪሊዮንኛ ያህል ብቻ ነው። ሳይንቲስቶች ይህን ችግር ያለፉት ወደ ኮሎይድ በመዞር ነው።

ኮሎይድ የሚለውን ስም የሰጠው ስኮትላንዳዊው ኬሚስት ቶማስ ግርሃም በ1861 ሲሆን ቃሉ ሙጫ ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ከናኖሜትር እስከ ማይክሮሜትር የሚደርስ ስፋት ያላቸው ቅንጣቶች በሌላ ቁስ ውስጥ ተበትነው ሲገኙ ኮሎይድ ይባላሉ። ወተት ኮሎይድ ነው፤ የጽሕፈት ቀለምና በውሃ የተበጠበጠ ሸክላ አፈርም እንዲሁ። ሮበርት ብራውን በ1827 በማይክሮስኮፕ እንዳየው እንዲህ ያሉት ቅንጣቶች በውሃ ውስጥ ያለ ዕረፍት ይንቀጠቀጣሉ። አልበርት አንስታይን በ1905 እንዳብራራው የሚያንቀጠቅጣቸው የውሃው ሞለኪዩሎች ግጭት ነው። እንግዲህ ኮሎይድ ቅንጣት በጠባዩ እንደ ትልቅ አቶም ሊቆጠር ይችላል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ዘገምተኛ አቶም ነው። የማይክሮሜትር ግማሽ ያህል የሚሆን ቅንጣት በንጹሕ ውሃ ውስጥ የራሱን ስፋት ያህል ለመራቅ የሴኮንድ አንድ አሥረኛ ገደማ ይፈጅበታል። በማይክሮስኮፕ ተከታትሎ ፊልም ለማንሣት ይህ የሚመች ፍጥነት ነው።

በ1986 በእንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው ፒተር ፑዚና የአውስትራሊያው ቢል ቫን ሜገን አንድ ቀላል የሚመስል ሙከራ አሳተሙ። እኩል መጠን ያላቸውን ጥቃቅን የፕላስቲክ ሉሎች በፈሳሽ ውስጥ በተለያየ ብዛት ጨምረው ጠርሙሶቹን አስቀመጡ። ሙቀቱን አልለወጡም፤ የለወጡት መጨናነቁን ብቻ ነው። ሉሎቹ ከጠቅላላው ይዘት 49 በመቶ እስኪደርሱ ድረስ ድብልቁ ፈሳሽ ነበር። ከ55 በመቶ ገደማ በላይ ሉሎቹ በራሳቸው ጊዜ ተሰልፈው ክሪስታል ሆኑ፤ ብርሃን ሲያርፍባቸውም በቀስተ ደመና ቀለማት አብለጨለጩ። 58 በመቶ አካባቢ ሲደርሱ ግን መሰለፉ ቆመ። ሥርዓት የሌለው፣ የማይፈስ ቁስ ሆነው ቀሩ። ይህ የኮሎይድ መስተዋት ነው።

ቀለም የሚያብለጨልጭ የኮሎይድ ክሪስታል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከ2008 ወዲህ በወሎ በወገል ጤና አካባቢ የሚወጣውና በዓለም ገበያ የታወቀው ኦፓል ከዚሁ ቤተሰብ ነው። የከበረ ኦፓል በተፈጥሮ የተደረደሩ እጅግ ጥቃቅን የሲሊካ ቅንጣቶች ያሉት ድንጋይ ነው፤ ቀለሙ የሚመጣው ብርሃን በዚያ ሥርዓት ላይ ሲበተን ነው። ሥርዓቱ ከጠፋ ቀለሙም ይጠፋል፤ ድንጋዩም ዋጋ አያወጣም።

ስለ ሰልፉ መቆም አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በምድር ላይ ከአንድ ዓመት በላይ መስተዋት ሆኖ የቆየ የኮሎይድ ናሙና በአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ተጭኖ ክብደት በሌለበት ሲቀመጥ በሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ክሪስታል መሆኑ በ1997 ተዘግቧል። የስበት ኃይል እንኳ በዚህ ጉዳይ እጁ አለበት ማለት ነው። ነገሩ ተዘግቷል ማለት አይቻልም።

ቅንጣቶቹ ስለምን ይያዛሉ?

በሥራ ሰዓት የተጨናነቀ አውቶቡስ ውስጥ የቆመ ሰው ትከሻውን ማወዛወዝ፣ እግሩን መቀየር ይችላል፤ ወደ በሩ መራመድ ግን አይችልም። ጎረቤቶቹ ከበውታል። እርሱም በተራው የጎረቤቶቹ ከበባ አካል ነው። ለመራመድ ብዙ ሰዎች በአንድነት፣ በተያያዘ ሁኔታ ሸርተት ሸርተት ማለት አለባቸው። በኮሎይድ መስተዋት ውስጥም ነገሩ ይኸው ነው። እያንዳንዱ ቅንጣት በጎረቤቶቹ በተሠራ «ጎጆ» ውስጥ ታስሮ ይንቀጠቀጣል፤ አልፎ አልፎ ብቻ ጎጆው ይሰበርና ወደ ሌላ ይሸጋገራል። በ2000 ኤሪክ ዊክስና ባልደረቦቹ ይህን በማይክሮስኮፕ ፊልም አነሡ። ከአንዱ ጎጆ ወደ ሌላው የሚሸጋገሩት ቅንጣቶች እዚህም እዚያም ተበታትነው ሳይሆን በቡድን በቡድን ሆነው ተገኙ፤ ሌሎቹ ግን ባሉበት ነበሩ።

አሁን ወደ እርጅና መድረስ ይቻላል። ድብልቁ በኃይል ተነቅንቆ ሲቀመጥ ቅንጣቶቹ እንደ ነገሩ፣ ባልተመቸ ቦታ ይያዛሉ። ከዚያ በኋላ እየተንቀጠቀጡ ጥቂት የተሻለ፣ ጥቂት የተረጋጋ ቦታ ያገኛሉ። ነገር ግን የተሻለ ቦታ ባገኙ ቁጥር ቀጣዩን ለውጥ ማምጣት ይከብዳል። ቀላል የሆኑት ማስተካከያዎች በመጀመሪያው ሰዓት አልቀዋልና። ስለዚህ ለውጡ ፈጽሞ ሳይቆም እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ቁሱ ሚዛናዊ ሁኔታ ላይ አይደርስም፤ ወደዚያ ሲያዘግም ዕድሜውን ይፈጃል።

የቀዘቀዘበት መጠን በቀላል ሕግ መገለጹ ያስደንቃል። ሆላንዳዊው ስትራይክ በ1978 ባሳተመው ጥናት እንደ ፒ.ቪ.ሲ. ያሉ ፕላስቲኮችን አሙቆ በድንገት ካቀዘቀዘ በኋላ ለረጅም ጊዜ እየጠበቀ መዘናቸው። ፕላስቲኩ ለመለጠጥ ወይም ለመርገብ የሚወስድበት ጊዜ ከዕድሜው ጋር በቀጥታ ለማለት ይቻላል ያድግ ነበር። ከዚያ ወዲህ በብዙ ኮሎይዶችም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በግምት ሲነገር፣ ዕድሜው 10 ደቂቃ የሆነ ናሙና ለመርገብ 10 ደቂቃ ያህል ቢፈልግ፣ 10 ሰዓት የሞላው ደግሞ 10 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። እንዲህ ላለው ቁስ ዕድሜው እንደ መጠነ ቁሱና እንደ ሙቀቱ ሁሉ ሊመዘገብ የሚገባው ልክ ነው። በቤተ ሙከራ ደብተር ላይ ሰዓቱን ያልጻፈ ሰው ውጤቱን ሌላ ሰው ሊደግምለት አይችልም።

ላፖናይት የሚባለው ሰው ሠራሽ ሸክላ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ቅንጣቶቹ ውፍረታቸው አንድ ናኖሜትር፣ ስፋታቸው 25 እስከ 30 ናኖሜትር የሆነ ክብ ገበታዎች ናቸው። 3 በመቶ ያህል ብቻ በውሃ ሲበጠበጥ መጀመሪያ እንደ ውሃ ይፈስሳል። በሰዓታት ውስጥ ግን ይጸናል፤ ጠርሙሱ ቢገለበጥም አይወርድም። ከመቶው 97 እጅ ውሃ መሆኑን አንርሳ። አንሥቶ በኃይል የነቀነቀው ሰው መልሶ ፈሳሽ ያደርገዋል፤ ዕድሜውም ከዜሮ ይጀምራል። የመስኮት መስተዋትን ለማደስ እሳት ያስፈልጋል፤ ለኮሎይድ ግን የእጅ ጉልበት ይበቃል። ምክንያቱም ቅንጣቶቹ ትልልቅና የተራራቁ በመሆናቸው በአንድ ይዘት ውስጥ ያለው ማሰሪያ ጥቂት ነው። ለስላሳ ቁሶች የተባሉትም ለዚሁ ነው። ሆኖም መታደሱ ፍጹም አይደለም። ብዙ ቀን የቆየ ላፖናይት ሲነቀነቅ ወደ መጀመሪያው ልጅነቱ ሙሉ በሙሉ እንደማይመለስ ታውቋል።

እስከ ዛሬ መልስ ያላገኘው አንድ ጥያቄ አለ። የዊክስ ቡድን ወጣቱንና ያረጀውን የኮሎይድ መስተዋት ፎቶግራፍ አንሥቶ ሲያነጻጽር በቅንጣቶቹ አቀማመጥ ላይ በተለመዱት መለኪያዎች የሚታይ ልዩነት አላገኘም። አንዱ ከሌላው መቶ ጊዜ የዘገየ ሆኖ ሳለ መልካቸው አንድ ነው። ሰው ሲያረጅ ፊቱ ይናገራል፤ እነዚህ ግን አይናገሩም።

የቅንጣቶቹም ጠባይ ለውጥ ያመጣል። እስካሁን የተወራው እንደ ብይ ስለ ደረቁ ሉሎች ነው። ደረቅ ሉሎች እንደ ነገሩ ሲከመሩ 64 በመቶ ላይ ይወሰናሉ፤ በሥርዓት ቢደረደሩ ደግሞ 74 በመቶ ይደርሳሉ። ውሃ የጠጡ የጀል ቅንጣቶች ግን ሲገፉ ስለሚጨፈለቁ ከዚህም በላይ ይታጨቃሉ። ዮሐን ማትሰንና ባልደረቦቹ በ2009 እንዳሳዩት ደረቆቹ ቅንጣቶች መጨናነቁ ጥቂት ሲጨምር በድንገት ይያዛሉ፤ ለስላሶቹ ግን ቀስ በቀስ ይዘገያሉ።

በክፍል ውስጥ

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው መሣሪያ በትምህርት ቤቶቻችን ላይገኝ ይችላል። ነገር ግን የመጨናነቁን ነገር በደረቅ አተር ማሳየት ይቻላል። አንድ ሊትር የሚይዝ ዕቃ ሳይነቀንቁ በአተር ሞልተው፣ ክፍተቶቹ እስኪሞሉ ድረስ በሚለካ ዕቃ ውሃ ያፍስሱበት። አተሩ ውሃ ከመጠጣቱ በፊት ቶሎ መሥራት ያሻል። የገባው ውሃ 400 ሚሊ ሊትር አካባቢ ይሆናል፤ አተሩ 60 በመቶውን ይዟል ማለት ነው። ከዚያም በሌላ ደረቅ አተር ዕቃውን መሬት ላይ መታ፣ መታ እያደረጉ ከፍታው ስንት እንደወረደ በየጊዜው ያስመዝግቡ።

በገበያ እህል በቁና ወይም በጣሳ ሲሰፈር ገዢው «ነቅነቅ አድርገው» የሚለው፣ ሻጩም እንዳይነቀነቅ የሚከላከለው ይህን ስለሚያውቁ ነው። የመጀመሪያዎቹ ምቶች ብዙ ያወርዱታል፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚወርደው እያነሰ ይሄዳል። በ1995 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በብርጭቆ ዶቃዎች የተደረገ ጥናት መውረዱ በሎጋሪዝም እንደሚሄድ አሳይቷል። ከ10ኛው እስከ 100ኛው ምት የተገኘው መጠጋጋት ከ100ኛው እስከ 1000ኛው ከሚገኘው ጋር ይቀራረባል። ሎጋሪዝም በመጽሐፍ ብቻ የሚኖር ነገር ለሚመስላቸው ተማሪዎች ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ልዩነቱንም መንገር ያስፈልጋል፤ አተር በሙቀት አይንቀጠቀጥም። በኮሎይድ ውስጥ የሞለኪዩሎች ግጭት የሚሠራውን ሥራ እዚህ የሚሠራው የተማሪው እጅ ነው።

ከቤተ ሙከራ ውጭ

ሚያዝያ 29 ቀን 1978 በኖርዌይ፣ ሪሳ በሚባል ስፍራ አንድ ገበሬ ጎተራውን ለማስፋት 700 ሜትር ኩብ ያህል አፈር ቆፍሮ በሐይቁ ዳር ከመረ። ክብደቱ ከሥሩ ያለውን ሸክላ አወከው፤ ጠጣር የነበረው ምድር ፈሳሽ ሆነ። 5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚያህል መሬት ቤቶችን እንደ ጀልባ እያንሳፈፈ ወደ ሐይቁ ገባ፤ አንድ ሰውም ሞተ። ሸክላው በጥንት ዘመን በባሕር ውስጥ የተከማቸ ነበር፤ ቅንጣቶቹን ይዞ የነበረው ጨው በሺህ ዓመታት በዝናብ ውሃ ታጥቦ ወጥቷል። ምክንያቱ ከላፖናይት ይለያል፤ መጸናቱ በአቀማመጥ ላይ ብቻ የቆመ ኮሎይድ ሲታወክ ወደ ፈሳሽነት መመለሱ ግን አንድ ነው።

ለእያንዳንዱ ቤት የቀረበው ምሳሌ የሕፃናት መድኃኒት ጠርሙስ ነው። ከዱቄት ተበጥብጦ የሚሰጥ መድኃኒት «ከመጠቀምዎ በፊት በደንብ ይነቅንቁ» የሚል ጽሑፍ ይለጠፍበታል። ቅንጣቶቹ ከኮሎይድ ጥቂት ይተልቃሉና በራሳቸው ክብደት ወደ ታች ይወርዳሉ። ከሥር ተደራርበው ሲያረጁ እንደ ድንጋይ የሚጠነክር ዝቃጭ ሊሆኑ ይችላሉ። እናት ሳትነቀንቅ ብትሰጥ ሕፃኑ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች መድኃኒት ያነሰበት ውሃ ይጠጣል፤ በመጨረሻዎቹ ቀኖች ከመጠን ያለፈ ይወስዳል። ፋርማሲስቶች ይህን ለመከላከል ቅንጣቶቹ ተንጠልጥለው የሚቆዩበት፣ በቀላል ንቅናቄ የሚፈታ ልል ጀል ሆን ብለው ያዘጋጃሉ።

ችግሩ ጀሉም ራሱ ማርጀቱ ነው። በኤዲንብራ እነ ዊልሰን ፑን በ1999 ባሳተሙት ጥናት እንደታየው ልል ጀል ለብዙ ሰዓታት ምንም ለውጥ ሳያሳይ ይቆምና በድንገት ይደረመሳል። ከውጭ የሚያየው ሰው በመጨረሻው ሰዓት እንኳ ጤነኛ ነው ይለዋል። ጠርሙሱን በማሞቅ እርጅናውን ማፋጠንም ሁልጊዜ አያዋጣም፤ የሞቀው ጀል የሚያረጅበት መንገድ ከቀዝቃዛው ሊለይ ይችላልና። ሁለት ዓመት ይቆያል ተብሎ የሚሸጥ መድኃኒት በመጨረሻ የሚረጋገጠው ጠርሙሱ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሁለቱ ዓመት ሲቆጠር ነው።